የተሰረጎዱ ጣሳዎች

ከወደቡ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣
ኖራው በጨው ታሞ ሲላጥ፣ ሲፈራርስ፣
የምታዩት ሕንጻ፣ ያ መስኮተ ዕውሩ፣
እሱ ነው ፋብሪካው፤ ጠፍቷል የበር ቁጥሩ።
ስሜ ዲዮሊንዳ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
ቱና ጠቀጠቅሁኝ፣ ቆሜ በዚያ ቤት።

ከማሽኑ ሥር ጣሳው ሰርጉዶ ሲወጣ
ለሱቅ አይሆንምና የእኛ ነበር ዕጣ፤
ቅዳሜ ሲመሽ ነው፣ ፎርማኑ ቫለንቲም
"ውሰጂ" ይለኛል፤ ይቆጣል፣ አይሰስትም።
በዚያው ነው ያሳደግሁ ፊሊፓን፣ አንዷን ልጄን፣
በዚያው ነው የደፈንሁ ቀዳዳውን ኪሴን።
ሰኞ ቱና በድንች፣ ማክሰኞ በሽንኩርት፣
ልደቷም ቀን ቱና፣ ሻማ ሰካንበት።
እሷን አርግዤ እንኳ፣ ደወል ሲል ለምሳ
ቆሜ በጣቴ ነው የላስሁት ከጣሳ።

ዘንድሮ በጥቅምት ከሊዝበን መጣች፤
ስድስት ወር ነው ሆዷ፤ ደረጃው ላይ ዐረፈች።
"እማ፣ ራበኝ" ብላ ጓዳ ገባች ቀድማ።
ቀለበቱ ጮኸ፣ ክዳኑ ተነሣ፤
እኔ ነኝ የቀማኋት፣ ያንን የእኔን ዓሣ።

ነርሷ ግራሲንዳ ናት ሰኞ የነገረችኝ፣
መነጽሯን አውልቃ፣ እንደ ሕፃን ያስረዳችኝ፦
"ላረገዘች ሴት ቱና እንዳይበዛ፤
ሜርኩሪ አለበት፣ ያ የብር ጤዛ።
ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን ግዙፉ
ሲውጠው፣ ሲውጠው፣ አይጠፋም ትርፉ፤
እንደ አራጣ ወለድ ይከመራል እንጂ
አይለቅም ብትቀቅይ፣ እሳት ብታነጂ።
አንድ ቀን አይደለም፤ የሚፈራው ልማዱ ነው።"

ልማድ።
እኛ ቤት የልማድ ሌላ ስሙ እራት ነው።

ባዜቃን አውቃለሁ። አንድ ሌሊት ነደደች፣
ቴርሞሜትሩን ከብብቷ ጥላ ሰበረች፤
ወለሉ ላይ ሮጠ፣ ዶቃ ዶቃ ሆኖ፣
ሲተዉት ተደምሮ፣ ሲነኩት ተበትኖ።
"እማ፣ ኮከብ!" ብላ ጣቷን ስትሰድ
ጮኼ አባረርኋት፣ ጉልበቴ ሲርድ፤
ጋዜጣ ቀድጄ አፈስሁት፣ ቀበርሁት።
ያንን በመጥረጊያ ከቤት ያስወጣሁት፣
ይህንን በማንኪያ እኔው አጎረስሁት?

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስኪሞላት አራት
ቃል አልወጣትም ነበር፤ ሐኪምም አላወቃት።
ይሆን እንዴ? ከእኔ? ከቅዳሜው ጣሳ?
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤
ዐውቃለሁ፤ ጣቴ ግን መጎርጎር መች ይተዋል።

ጠዋት ጠየቅኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤
"ከሠራሁት ድልድይ የቱ ወደቀ?" አለች፤
"ዝም ያልኩት እኮ፣ እማ፣ ተራ አጥቼ ነው፤
አንቺ ነበርሽ ለሁለት የምትናገሪው።"
ሳቅሁ እኔም። ግማሽ ሳቅ።

ከዚያ ገበያ ወርጄ ሰርዲን ገዛሁ፣ ትንንሹን፤
ዕድሜው አጭር ነው፣
ቂም የሚይዝበት ጊዜ የለውም።
"እሾኹ በዛ" አለች ፊቷን አጨፍግጋ፤
አንድ በአንድ ለቀምሁላት፣
በዚያው ቱና በጠቀጠቀ ጣት።

ስትተኛ
የቀማኋትን ጣሳ ከፍሪጅ አወጣሁ፤
መብራት ሳላበራ፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ
በሹካ ጫፍ በላሁት።
ለስልሳ ስምንት ዓመት ሴት
ነርሷ ምንም አላለችም።
ጎኑን በአውራ ጣቴ ዳበስሁት፦
ለስላሳ ነው፣ የሱቅ ነው፣ አንድም ስርጉድ የለው።
ሙሉ ዋጋ ከፍዬበታለሁ።